ስሙ የጠፋ ቤት

ሰው ቤቱን ለመሸጥ ሲነሣ ብዙ ይዋሻል። ጣሪያው አያፈስም ይላል፤ ጎረቤቱ መልአክ ነው ይላል፤ ምስጥ የሚባል ፍጥረት በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም ይላል። ይህ የተለመደ ውሸት ነው። የመካነ ሰላሙ አቶ አራጌ ግን በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ የዋሹት ውሸት የተገላቢጦሽ ነበር። ደኅናውን ቤታቸውን "ገፊ ነው፤ ጂን አለበት፤ ለሰው አይቀናም" ብለው ስሙን አጠፉት።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ለመረዳት የአገሩን ይሉኝታ ማወቅ ያሻል። በዚያ ደጋ ሰው "ርቦኝ ቤቴን ሸጥኩ" ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። ስለዚህ የቸገረው ሁሉ ሰበብ ይፈልጋል። አንዱ "ወንድሜ ና አብረን እንኑር ብሎኝ ነው" ይላል፤ ሌላው "ሐኪም ደጋው አይስማማህም ብሎኝ ነው" ይላል። አቶ አራጌ ወንድም የላቸውም፤ ሐኪምም አያውቃቸውም። የቀራቸው ጂን ነበር።

የሚሸጡበት እውነተኛ ምክንያት ከላላ በሚባለው አገር ነው ያለው። አንዲት ልጃቸው በለጡ እዚያ አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ዝናቡ ሲቀር በሬዎቿ አለቁ፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። ሰኔ ሳይጠባ ጥማድ በሬና ዘር ካልተገኘ መሬቷ ጦም ያድራል። መሬቱ ጦም ካደረ እሷም እንደ ብዙዎቹ ልጆቿን አዝላ ወደ ደሴ መንገድ ትወጣለች፤ በዚያ መንገድ ከወጡት ውስጥ ደግሞ የተመለሰ ገና አልታየም። አቶ አራጌና ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ቤቱን ሸጠው፣ በሬና ዘር ይዘው፣ ከልጃቸው ጋር ለመኖር የቆረጡት በዚህ ነው።

ያን ዕለት መንገዳቸው ወደ ደላላው ወደ ቸኮል ነበር። ቸኮል ገዥ አግኝቻለሁ ብሏቸዋል፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም። ያመጣው ዋጋ ጥማዱ ቀርቶ የአንዱን በሬ ቀንድ አይገዛም። "ጂን ላለበት ቤት ከዚህ በላይ ማን ይሰጣል፣ ጋሽ አራጌ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል" ይላቸዋል። ጂኑን ራሳቸው እንደፈጠሩት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ በየጠላ ቤቱ ያወራላቸውም እሱ ነው።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ ከደሴ የመጣች የጭነት መኪና ሰው ታወርዳለች። ከወረዱት አንዷ ሀጀራ ነበረች፤ የጎረቤታቸው የአቶ ጀብሪል ልጅ፣ ደሴ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር። እሳቸውን ስታይ ሻንጣዋን መሬት ላይ ጣለችና ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ አራጌ! እንዴት ሰነበቱ?"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ይመስገነው፣ አለን" አሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ከጀብሪል ጋር አጥር ተጋርተው ያረጁ ሰው ስለሆኑ ሰላምታውንም ተጋርተዋል። "በትምህርት ጊዜ ምን እግር ጣለሽ?"

"ትምህርቱ ቆመ። ተማሪው 'ወገናችን በረሃብ እያለቀ ነው' ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ በዱላ መለሱንና ወደየቤታችሁ ተባልን።"

አቶ አራጌ ግራ ቀኙን ቃኙ። "ቀስ በይ፣ ልጄ። ያን ቃል በአደባባይ አትጥሪው።"

"እሺ፤ እርስዎስ ወዴት ነዎት?"

"ወደ ቸኮል። ቤቱን ልሸጠው ነው። ቤቱ . . . ገፊ ሆነብኝ። ጂን አለበት።"

ሀጀራ ሳቅ አመለጣት። "አባባ ይሙቱ! እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ እኔን ያሳደጋችሁኝ እኮ እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ጂኑ የት ሄዶ ነበር?"

ሽማግሌው አኮረፉ፤ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ። ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የበለጡን ነገር ነገሯት። ሲጨርሱ፣ "እንግዲህ እወቂው፤ ለሰው ግን እንዳትናገሪ" አሉ።

"አባባ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ዘንድሮ በዚህ አገር ያልተራበ ማን ነው?"

"ነጋዴውና ሹሙ።"

"እንግዲያው የሚደብቁት ከማን ነው? ከተራበው እንዳልል እሱ የገዛ ሆዱን ያውቃል፤ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከነጋዴው እንዳልል እሱ መቸገርዎን ያወቀው ከእርስዎ ቀድሞ ነው፤ ባያውቅማ በየሰፈሩ ደላላ አይልክም ነበር።"

"ልጄ፣ ገበና የሚባል ነገር አለ። ሰው ልብሱ ሲቀደድ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አጥፎ ይለብሳል እንጂ እዩልኝ ብሎ አይዞርም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"ዝም ቢሉማ መልካም ነበር! እርስዎ መቼ ዝም አሉ? የራስዎን ስም ለማዳን የቤቱን ስም አጠፉ። ስሙ የጠፋ ቤት ዋጋ የለውም፤ ያን ዋጋ የሚበላው ቸኮልና የላከው ሰው ናቸው። የሚከፍሉት ደግሞ እርስዎ አይደሉም፤ በለጡና ልጆቿ ናቸው።"

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ሽማግሌውን ወጋቻቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

"ታዲያ ምን ላድርግ? ገበያ መሐል ቆሜ ራበኝ ብዬ ልጩህ?"

"አዎ።"

"ያረቢ! ይህች ልጅ ደሴ ሄዳ አበደች!" አሉ። ሆኖም ያን ቀን ወደ ቸኮል አልሄዱም፤ ሻንጣዋን እያገዟት ወደ ሰፈር ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በዚያ ዓመት የላይኛው ሰው ረሃቡን ለሹመቱ ሲል ደበቀው፤ የታችኛው ሰው ለይሉኝታው ሲል ደበቀው። ረሃቡም በሁለቱ ዝምታ መካከል ተመቻችቶ ሥራውን ሠራ። ሹሙ ወንጀለኛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ምስኪኑ ሰውዬ በገዛ እጁ ሹሙን ያግዝ እንደነበር የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሀጀራ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። "ቤት ከመሸጡ በፊት ይሰናዳል" አለች፤ ባልና ሚስቱ ምን እንደምትል አልገባቸውም። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ወጋግራውም ምሰሶውም ጥድ። ግን ግድግዳው ጥቀርሻ ለብሷል፤ የፊት ለፊቱ ክፍል አንድ ጥግ የተሸጡት ፍየሎች ሽታ አልለቀቀውም፤ መስኮቱ ደግሞ በሳንቃ ተጠርቅሞ በጭቃ ከተመረገ ዘመን አልፎታል። ደጃፉ ላይ ስለተከመረው ጥራጊ ባናወራ ይሻላል።

"የሚሸጥ ቤት መምረግ ምን ይባላል?" አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። "ለሰው ሚስት ኩል መኳል ነው እንጂ!"

"እቴቴ፣ ሙሽራስ ሳትኳል ትዳራለች?" አለች ሀጀራ።

አቶ አራጌ ሳቁ፤ ሚስታቸው ግን አልሳቁም። "መስኮቴን አትንኪ። ምች ይገባል።"

"የሚገባው ብርሃን ነው፣ እቴቴ። ምችም በሽታም የሚወደው የታፈነ ቤት ነው፤ ሳልዎ ለምን እንደማይለቅዎት ያስባሉ? ደግሞ 'ጂን አለበት' ተብሎ የተነገረው ሰው ጨለማ ቤት ሲገባ ምን የሚያይ ይመስልዎታል? ጂን ነዋ!"

መስኮቱ ተከፈተ። ፀሐይዋ ስትገባ ወይዘሮ ድንቅነሽ የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ አይተው ደነገጡና፣ "ይህን ሁሉ ጥቀርሻ ተሸክሜ ነው የኖርኩት?" ብለው መጥረጊያውን ራሳቸው አነሡ።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በጓዳው ነው። ሀጀራ ገዥ ሁሉ ጓዳው ድረስ ገብቶ ይይ ስትል፣ ወይዘሮዋ በሩ ላይ ተገተሩ።

"ይህ አይሆንም። የሴት ጓዳ ለባዳ አይከፈትም።"

"የሚገዛ ሰው ያላየውን ግማሽ ቤት እንዴት ይገዛል?"

"አይሆንም አልኩ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ጎታዬ ባዶ ነው!" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። "ድግስ ሲሆን የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚበደረው ከኔ ጎታ ነበር። አሁን አገር ገብቶ ባዶውን ይይልኝ? እጄን ሰድጄ ታቹን ስዳብሰው ይይልኝ?" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

ሀጀራ ተምራ ያመጣችው ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት አልረዳትም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ "አብሽሩ፣ እቴቴ" አለች። "የእናቴም ጎታ ባዶ ነው። ትናንት ማታ ነገረችኝ፤ እሷም ደብቃኝ ነበር። አጥር ተጋርታችሁ፣ ሁለታችሁም ባዶ ጎታ ከድናችሁ፣ አንዳችሁ ለአንዳችሁ 'ደኅና ነን' ስትባባሉ ከረማችሁ። ከደሴ ስመጣ መንገድ ዳር ያየኋት ሴት ልጇ ጭኗ ላይ ሞቶ እሽሩሩ ትለዋለች። ሰው እንዳያውቅባት ነው። እቴቴ፣ በለጡ እንደዚያ እንድትሆን ይፈልጋሉ?"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ከዚያ ተነሡና የጎታውን ክዳን አንሥተው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። "ይኸው። የፈለገ ይይ። ያየው ሰው ቢያፍር ይፈር፤ እኔ አልሰረቅሁም።"

ሥራው ቀጠለ። አቶ ጀብሪል ጭቃ በጭድ አቦኩ፤ አቶ አራጌ ንፋስ የገለበጠውን ቆርቆሮ መቱ፤ ሴቶቹ ግድግዳውን በነጭ አፈር ቀቡ። ፍየሎቹ የነበሩበት ጥግ ተቆፍሮ አዲስ አፈር ተደለደለ። ጥራጊው ተቃጠለ። ቤቱ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ቤት ሆነ፤ ባለቤቶቹም አይተውት አዘኑ። "ስንኖርበት ይህን ብናደርግለት ምን ነበረበት?" አሉ አቶ አራጌ፤ ይህን ጥያቄ ቤታቸውን ለመሸጥ ያላሰቡ ሰዎችም ቢጠይቁት አይጎዳም።

ቀጥሎ ማስታወቂያ ይጻፍ ተባለ። ሽማግሌው እንደገና አፈገፈጉ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ነገ 'አልነበረም' ብል ማን ይሰማኛል?"

"እንዲያ ከሆነማ እውነቱን ያስይዙት" አለች ሀጀራ፤ ካርቶን ዘርግታም ጻፈች፦

"ቤት ይሸጣል። መካነ ሰላም፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ምሰሶው ጥድ፣ ሁለት ክፍል ከነጓዳው። በመስኮቱ በኩል ያለው ማዕዘን ያፈስ ነበር፤ ተጠግኗል። ጂን የለበትም። የሚሸጠው ባለቤቱን ረሃብ ስላገኘው ነው። በገበያ ቀን ማንም ገብቶ ጓዳው ሳይቀር ማየት ይችላል። ደላላ የለበትም። አራጌ።"

"ፍሳሹን ምን ወስዶ አስጻፈሽ? ደግሞስ ገዥ ረሃቤን ካወቀ ዋጋ አይሰብርብኝም?"

"ዋጋ የሚሰብረው ገዥ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ቸኮል አንድ ሰው ብቻ እንዲያውቅ አደረገ፤ እኛ ወረኢሉም አቀስታም እንዲያውቅ እናደርጋለን። ፍሳሹን ደግሞ እርስዎ ካልነገሩት ዝናብ ይነግረዋል።"

አንዱ ካርቶን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ፤ ሌሎቹን የጭነት መኪናው ሾፌር ወስዶ በየደረሰበት ሰቀለ።

የገበያው ዋዜማ ቸኮል አንድ የመንግሥት ጸሐፊ አስከትሎ መጣ። ጸሐፊው የወፍጮ ቤቱን ካርቶን ገንጥሎ በእጁ ይዞታል።

"ይህን ያስጻፍከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ አራጌ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ረሃብ የሚባል ነገር የለም። የእህል እጥረት ነው ያለው፤ እሱም ሪፖርት ተደርጓል። ይህን ቃል አውጣ።"

"አውጥቼ ምን ልበል፣ ጌታዬ? ለምን ትሸጣለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ።"

"እንደ ቀድሞው ጂን አለበት በላ!" አለ ጸሐፊው። "በጂን ማን ከለከለህ?" ካርቶኑን ለሁለት ቀደደና ሄደ። ቸኮልም፣ "ከጠዋቱ ብትሰሙኝ ምን ነበር፣ ጋሽ አራጌ" ብሎ ተከተለው።

አቶ አራጌ ደጃፋቸው ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ሀጀራ በብዙ ንግግር ያላስጨበጠቻቸውን ነገር ይህ ሰው በአንዲት ቃል አስጨበጣቸው። ጂን ይፈቀዳል፤ ረሃብ ይከለከላል! እሳቸው ክብራቸውን የጠበቁ መስሏቸው የፈጠሩት ውሸት ለካ ሹሙ የሚፈልገው ውሸት ኖሯል። ደማቸው ፈላ። ፍርሃቱ የት እንደሄደ ራሳቸውም አላወቁም።

"ሌላ ካርቶን ልጻፍ?" አለች ሀጀራ።

"ተዪው። እሱንም ይቀደዋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ!"

በማግስቱ ገበያው ሲሞላ አቶ አራጌ ወደ ገበያው የሚያየው የደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ወጡ። ኩታቸውን አስተካክለው ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

"ሰው፣ ስማ! የክርስቶስም የነቢዩም ወገን ስማ! ይህ ቤት ጂን የለበትም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነው። ከቤቴ የሚያስወጣኝ ረሃብ ነው። ረሃብ! ቃሉ አልተሰማህ እንደሆነ ልድገመው፤ ረሃብ! ወረቀቱን ቀደዱት፤ እስቲ መጥተው ምላሴን ይቅደዱት። ቤቱ ክፍት ነው። ግባና ጓዳውን እይ፤ ባዶውንም ጎታ እይ። የሰው አልበላሁም፣ አላፍርም!"

ገበያተኛው መሸጥ መግዛቱን ተወ። ጸሐፊው ከወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት፣ "እኛም ርቦናል" አለች፤ ቀስ ብላ ነበር ያለችው፣ ግን ተሰማ። ሌላው ደገመው። አንድ ሽማግሌ፣ "እኔም በሬዬን ታሞ ነው ብዬ ነው የሸጥኩት፤ በሬዬ ጤነኛ ነበር" አለና ተንሰቀሰቀ። ቃሉ ከአፍ አፍ ሲዞር ጸሐፊው ማንን እንደሚይዝ ጠፍቶት ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ወደ ቤቱ ከገቡት ሁሉ ፊት የነበረችው ወይዘሮ አልታዬ የምትባል የአቀስታ ሴት ናት፤ የመኪና መንገድ ዳር ሻይ ቤት ለመክፈት ቦታ ስትፈልግ የከረመች። ምሰሶውን በጡጫዋ መታች፤ ጓዳ ገብታ ጣሪያውን አንጋጣ አየች፤ ያፈስ የነበረው ማዕዘን የትኛው እንደሆነም ጠየቀች።

"ካርቶኑን አቀስታ ነው ያየሁት" አለች። "ፍሳሹ ባይጻፍ ኖሮ አልመጣም ነበር። ፍሳሹን የነገረኝ ሰው ሌላውን አይደብቀኝም ብዬ ነው።"

የተናገረችው ዋጋ ከቸኮል ዋጋ እጥፍ በላይ ነበር። ይህን ጊዜ ቸኮል እየተጋፋ ገባና፣ "የኔ ሰው ይጨምራል!" አለ። የእሱ ሰው በገበያው ትልቁን ሱቅ የያዘው ነጋዴ መሆኑ ያኔ ታወቀ።

"ጂኑስ፣ ቸኮል?" አሉ አቶ አራጌ።

"ጂኑ . . . ጠበል ይረጭበታል" አለ ቸኮል፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ አልታዬም የነጋዴውን ዋጋ ሞላች። አቶ አራጌ፣ "ዋጋው እኩል ከሆነ፣ ቤቴን በጨለማ ሊወስድብኝ ለነበረ ሰው አልሰጥም" ብለው ከእሷ ጋር በምስክር ፊት ተዋዋሉ።

ከዚህ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ጥማዱ ተገዛ፤ ዘሩ ተገዛ፤ እስከ አዝመራ የሚያደርስ ስንቅም ተረፈ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ሳላቸው ቀለል አላቸውና ከላላ ስንደርስ መጀመሪያ የማደርገው የበለጡን ቤት መስኮት ማስከፈት ነው አሉ። በመካነ ሰላምም ከዚያ ወዲያ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ምክንያቱን በግልጽ መናገር ጀመረ፤ የቸኮልም ገበያ ቀዘቀዘ። ከዓመት በኋላ አገሩ በሙሉ ሲነሣና ትልልቆቹ ሹማምንት ስለ ደበቁት ረሃብ ሲጠየቁ፣ መካነ ሰላሞች ቃሉን ለመናገር አልተደናቀፉም፤ ቀድመው ለምደውታል።

አቶ አራጌ የሄዱ ዕለት ሀጀራ እስከ ከተማው ዳር ሸኘቻቸው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ባዶውን ጎታ በአህያ አስጭነዋል፤ በሬዎቹ ከፊት ይሄዳሉ። መታጠፊያው ላይ ያ ጸሐፊ በበቅሎ ተቀምጦ መጣ፤ ፊቱን አዙሮ ሊያልፍ ሲል ሽማግሌው ቀድመው እጅ ነሡት።

"እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ!"

"ደኅና" አለ፤ በሬዎቹን አየና ሳይወድ፣ "ወዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

አቶ አራጌ ቀና ብለው፣ ከኋላ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ "ረሃብ አስነሥቶኝ ወደ ልጄ ነው፤ ላርስ!" አሉና በሬዎቹን ነዱ።